አባዬ የተከለውን ቡና በየተራ ማደስ፤ የማሳ ማስታወሻ ከየቡ

ታኅሣሥ 2015

ለቀማው አለቀ። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ ጆንያ ገብቷል፣ ሒሳቡም ተሠርቷል። አባዬ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አላነበበውም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ድሮ ከላይኛው ማሳ ብቻ ይወጣ የነበረው ፈረሱላ ዘንድሮ ከጠቅላላው አልወጣም።

ማሳችን ጅማ ዞን፣ ማና ወረዳ ውስጥ ነው፣ ከየቡ ወጣ ብሎ። አንድ ሄክታር ተኩል ይሆናል። ተዳፋት ነው፣ አፈሩ ቀይ፣ ከታች ጅረት ያዋስነዋል። እኔ ጅማ ከተማ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜና እሑድ እመጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚያው ከአባዬና ከእማዬ ጋር ነው። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ናት። የመጨረሻው ልጅ ገና ይማራል።

አብዛኛውን ቡና አባዬ የተከለው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ታይቶ ፍሬውን ገና አረንጓዴ እያለ እያጠቆረ ስንቱን ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ጅማ ያለው የመልኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ለይተው ዘራቸውን ያወጡት በዚያ ምክንያት ነው። 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74158፣ 74165 የሚባሉት። ፊት ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1974። አባዬ "መቶ አስር"፣ "መቶ አርባ" እያለ ነው የሚጠራቸው፤ የትኛው የት ጋ እንዳለም አንድ በአንድ ያውቃል።

ችግሩ ዛፎቹ አርጅተዋል። ቁመታቸው ወደ ላይ ሄዷል፣ መሀላቸው ራቁቱን ቀርቷል፣ ፍሬው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ቅርንጫፉን በመንጠቆ ጎትተን ነው የምንለቅመው፤ ሲጎተት ደግሞ ይሰበራል።

ወንድሜ "ጫት እንትከል" አለ። ጎረቤቶቻችን ግማሹ ተክለዋል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ እጅ በእጅ ነው። ክፉ ሐሳብ ነው ብዬ አልከራከረውም፤ ገንዘብ የሚፈልገው እሱ ነው፣ እዚህ የሚውለውም እሱ ነው። እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ዛፉን ነቅለን ከመጣል እንጎንድለው፤ ግንዱ ዝቅ ብሎ ይቆረጥና ከጉቶው እንደገና ያቆጥቁጥ። ሥሩ ደህና ነው። ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከጎነደልን ሁለት ዓመት ምን ልንበላ ነው? ስለዚህ ማሳው ሦስት ቦታ ይከፈል፤ ሲሶው ሲታደስ ሁለት ሲሶው እያበላን ይቆይ።

አባዬ ዝም ብሎ ሰማና "ቡና ይለቀማል እንጂ ይቆረጣል እንዴ?" አለኝ። እማዬ ናት ነገሩን ያበረደችው። "ላይኛውን ስጣት፣ ከእሱ እንደሆነ የሚለቀም ከታጣ ቆየ" አለች።

የካቲት 2015

ላይኛው ሲሶ ተጎነደለ። ግማሽ ሄክታር ገደማ።

ጊዜው አሁን ነው፤ ለቀማ ካለቀ በኋላ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል። በመጋዝ እንጂ በገጀራ አይሆንም፤ ገጀራ ግንዱን ይሰነጥቀዋል። አቆራረጡ ሰያፍ ነው፣ ውኃ አናቱ ላይ እንዳይተኛ። ውኃ ከተኛበት ጉቶው ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ደግሞ እስከ ሥሩ ይወርዳል።

ሌላው ነገር ንጽሕና ነው። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስንሻገር መጋዙን በአልኮል እንጠርጋለን። ደቦ የመጡት ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁብን፣ "ሆስፒታል አደረጋችሁት እኮ" እያሉ። ግን ቡናን አጠውልጎ የሚገድለው በሽታ ሻጋታ ነው፤ በቁስል ነው የሚገባው፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሻግረው ደግሞ የእኛው ብረት ነው። ሙሉ ማሳ በመጋዝ ስትቆርጥ ሙሉ ማሳ ቁስል እየከፈትክ ነው።

የጥላ ዛፎቹን አልነካንም። ዋንዛው፣ ሳሳውና ብርብራው ባሉበት ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዋንዛው በጣም ስለከበደ የታችኛው ቅርንጫፉ ተገረዘ። ጥላ ሲበዛ ቡናው ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ ጭራሽ ሲጠፋ ደግሞ አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ያፈራና በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፉ ይደርቃል። ልኩን አባዬ ያውቀዋል። ቁጥር የለውም፣ ዝም ብሎ ወደ ላይ ያያል፣ "ይሄ ይበቃዋል" ይላል፣ አለቀ።

የወጣው እንጨት የጉድ ነው። እማዬ ማገዶ አግኝታለች፣ እስከ ክረምት መውጫ የሚበቃ።

ሚያዝያ 2015

ጉቶዎቹ አቆጥቁጠዋል። አባዬ በየቀኑ እየሄደ ያያቸው እንደነበር ወንድሜ ነገረኝ፤ ለእኔ ግን ምንም አላለኝም።

ከአንዱ ጉቶ አሥርም ከዚያም በላይ ቀንበጥ ይወጣል። የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። የትኞቹ? ጠንካሮቹ፣ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብለው የበቀሉት፣ ደግሞ ባንድ ጎን ያልተጠጋጉት። ከጫፉ ላይ የበቀለውን ንፋስ ገንጥሎ ይጥለዋል። የተቀረው ገና ለስላሳ እያለ በእጅ ይነቀላል። እማዬ በዚህ ሥራ ሁላችንንም ትበልጠናለች፣ ሁለት ጉቶ ጨርሳ ሳለ እኔ የመጀመሪያው ላይ የቱን ልተው እያልኩ ነኝ።

ባዶ የቀረው መሬት ላይ ቦሎቄ ዘራን። ወንድሜ በቆሎ ፈልጎ ነበር። በቆሎ ግን ይረዝማል፣ ቀንበጡን ያንቀዋል፣ አፈሩንም ይበላል። ቦሎቄ አጭር ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ አፈሩን ይሸፍናል፣ ሥሩም ለመሬቱ ናይትሮጅን ይተዋል። እና ይበላል።

ሰኔ 2015

ዝናቡ ገብቷል። ሁለት ሥራ ባንድ ላይ።

አንዱ ቬቲቨር ነው። ተዳፋቱን እያቋረጠ በረድፍ ተተከለ፣ ከላይ እስከ ጅረቱ። ይህ ሣር ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በመልኮ ምርምር ማዕከል በኩል ነው፣ ለቡና ማሳ ተብሎ። ሥሩ ወደ ጎን አይሄድም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ከቡናው ጋር አይሻማም። እንደ ሰርዶም አይዛመትም። ትልቅ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ጅረቱ እንዴት እንደሚቀላ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ያ ቀይ ውኃ የእኛ አፈር ነው።

ሁለተኛው ችግኝ ነው። ጉቶው የሞተበትና ድሮም ክፍት የነበረው ቦታ መሞላት አለበት። ጉድጓዶቹ ቀደም ብለው ተቆፍረው ነበር፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ። ሲሞላ የላይኛው ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ሥሩ ዘንድ ይገባል። ርቀቱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ አንድ ሄክታር 2500 ዛፍ ይይዛል።

የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ከአንድ ሻጭ ገዛን፤ ከላይ ሲታዩ አረንጓዴ፣ ወዛም፣ ቁመታቸው እኩል። አባዬ አንዱን አነሳና ፕላስቲኩን ቀደደው። ዋናው ሥር ታጥፏል። ወደ ታች ወርዶ፣ የፕላስቲኩን ቂጥ መትቶ፣ ወደ ላይ ተመልሷል። ሁለተኛውንም ቀደደ፣ እሱም እንደዚያው። "ይሄ አምስት ዓመት ያፈራል፣ ከዚያ ያለ ምክንያት ይሞትብሻል፤ አንቺም በሽታ ነው ትያለሽ" አለኝ። ሰውየው ገንዘባችንን አልመለሰም፣ ተከራክረን ተውነው። የቀረውን ራሳችን ልናፈላ ወሰንን። ችግኝ የምትገዙ ሰዎች፣ አንዱን ሳትቀዱ እንዳትከፍሉ።

ዘሩን በተመለከተ ከአባዬ ጋር አንድ ሐሳብ ነን። አንድ ዓይነት ብቻ አንተክልም። የተመሰከረለትን ከመልኮ እናመጣለን፣ ከእኛው ማሳ በሽታ ያልደፈረውን የአገሩን ዘርም እንጨምራለን። አንድ ዓይነት ብቻ ያለው ሰው አንድ በሽታ ይበቃዋል።

ነሐሴ 2015

መሀለኛው ማሳ ላይ አንድ ቡና ተጠርጥሯል። ባንድ ጎኑ ብቻ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው ጎኑ ጤነኛ ነው። ወንድሜ "ውኃ በዝቶበት ነው" አለ። አባዬ ቢላ አወጣና ከመሬቱ ጠጋ ብሎ ቅርፊቱን ላጥ አደረገው። ጤነኛ ቡና ሲላጥ ከሥሩ ነጣ ያለ ነው። ይሄኛው ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ከሥሩ ተነስቶ ወደ ላይ ወጥቷል። አለቀለት።

መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል፤ ተጎትቶ ወደ ቤት አይወሰድም፣ ለማገዶም ቢሆን፣ ምክንያቱም በየደረሰበት ይዘራዋል። ቦታው ላይም ወዲያው ቡና አይተከልም። ዙሪያውን በዶማ መኮትኮት አቁመናል፤ አረሙ በእጅና በማጭድ ነው የሚነሳው፣ ግንድ እንዳይነካ። የቡና ገለፈትና ሣር ከሥር አንጥፈናል፤ ያም አረሙን ቀንሶታል። የቀን ሠራተኛ ስትቀጥሩ ይሄን ቀድማችሁ ንገሩ፤ ገጀራ ይዞ በጥድፊያ የሚያርም ሰው ያስከፈላችሁን የምታዩት በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ኅዳር 2016

በሁለት ሲሶ ማሳ ተለቀመ። መቀነሱ ይታወቃል። ቦሎቄው ትንሽ ደግፏል፣ ማሩም እንዲሁ፤ አባዬ ዋንዛው ላይ የሰቀላቸው ቀፎዎች አሉ። ንቦቹ ቡናው ሲያብብ ማሳው ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ ኬሚካል የሚረጭ ጎረቤት ካለህ በአበባ ሰዓት እንዳይረጭ መለመን አለብህ። እንለምናለን።

አዲስ ነገር ቢኖር ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅመናል። ድሮ ለቀማ ሲባል አረንጓዴውም ጥቁሩም ባንድ ላይ ይጠረግ ነበር። አሁን እየተመላለስን ነው፣ አድካሚ ነው፣ ወጪውም ይጨምራል። መሬት ላይ ማስጣትም ቀርቷል፤ ከቀርከሃና ከሽቦ ወንፊት አልጋ ሠርተናል፣ ቀን ይገላበጣል፣ ማታና የጠራራው ሰዓት ላይ ይሸፈናል። እርጥበቱ 11.5 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ነው። መሣሪያ የለንም፣ አባዬ በጥርሱ ይለካል።

ዋጋው? ቡናውን ከእኛ የሚገዛው አቅራቢ ትንሽ ጨምሯል። "ትንሽ" የሚለውን አስምሩበት።

ጥር 2016

ዛሬ ስለ ማሳ ሳይሆን ስለ ደብተር ነው።

እህቴ ለጥምቀት መጥታ ነበር። አራታችንም ስንገናኝ አባዬ የይዞታ ደብተሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንዲህ ነው የተነጋገርነው፤ አንድ ሄክታር ተኩል ለአራት ሲካፈል 0.375 ሄክታር ነው። የ1999ኙ የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ለቋሚ ተክል ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ሩብ ሄክታር ነው፣ ስለዚህ ለእኛ ይደርሳል። የእኛ ልጆች ሦስት ሦስት ቢሆኑስ? 0.125። አንድ ሰው ግማሽ ቀን የማይሠራበት መሬት። ያኔ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ባህር ዛፍ አድርጎ ከተማ ይገባል፤ በአካባቢያችን ይሄን አይተናል፣ ከነጥላው የነበረ ቡና ተመንጥሮ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ሴቶቹ ባገቡበት ይኖራሉ፣ ለወንዶቹ ይሁን" አሉ። ሕጉ እንደሱ አይልም፣ እኛም አንልም። ይሄን ያለው ደግሞ እኔ ሳልሆን ወንድሜ ነው። "ማዳበሪያ የገዛችው ማን ሆነና" አላቸው። ሳቁና አለፉት።

የተስማማነው መሬቱ አይቆረስም። ገቢው ይከፈላል። መጀመሪያ የሠራው ሰው የጉልበቱን ያነሳል፤ ይህ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። ቀጥሎ ለማሳው የሚቀመጥ አለ፣ ለችግኝ፣ ለለቃሚ፣ ለክፉ ዓመት። የተረፈው ለአራት። መውጣት የፈለገ ድርሻውን ከቤተሰብ ላለ ሰው ይተዋል። በሽማግሌ ፊት ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ኮፒው እህቴ ጋ ነው። አባዬና እማዬ በሕይወት እስካሉ ደግሞ ዋናው ቃል የእነሱ ነው፤ ይህም ተጽፏል፣ እማዬ ናት ያስጻፈችው።

የወንድሜ ጫትስ? በመንገዱ በኩል ያለው ጠርዝ ለእሱ ሆኗል። ቡናው ውስጥ ግን አይገባም። በየወሩ ኪሱ ውስጥ የሚገባ ነገር ከሌለው እዚህ ማሳ ላይ እንዲቆይ መጠየቅ ቀልድ ነው።

ሰኔ 2016

የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ስልክ ይዛ መጥታ ማሳው ካርታ ላይ ያለበትን ነጥብ ወሰደች። አባዬ "ግብር ሊጨምሩ ነው" ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ወደዚያ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ መሆን የለበትም፤ የበቀለበት ቦታም መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል።

አባዬ ሲገባው ዋንዛዎቹን እያሳያት "እነዚህን ጻፊልኝ" አላት። የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

በዚያው ሰሞን ጥላው ሥር ኮረሪማ አስገባን። ቡና የማይወደው እርጥብና ጨለም ያለ ጥግ ጅረቱ አጠገብ አለ፤ ኮረሪማ ደግሞ እዚያ ነው ደስ የሚለው። የወንድሜ ሐሳብ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የሚንከባከበውም እሱ ነው።

ኅዳር 2017

ላይኛው ሲሶ የመጀመሪያውን ፍሬ ሰጠ። ብዙ አይደለም፣ ግን ቆሜ በእጄ ለቀምኩት፣ ያለ መንጠቆ። ፍሬው ከጫፍ ብቻ ሳይሆን ከታች ጀምሮ ነው የያዘው። አባዬ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው እየሄደ ቅርንጫፉን ያነሳል፣ ይለቃል። ጎረቤታችን፣ ያኔ "ሆስፒታል" ያለን ሰውዬ፣ መጋዙን ለመዋስ መጣ። አልኮሉንም አብረን ሰጠነው።

የካቲት 2017

መሀለኛው ሲሶ ተጎነደለ። በዚህኛው ክርክር አልነበረም፣ ሥራው ብቻ ነበር። በበሽታ የተነቀሉት ቦታዎች ክፍት ናቸው፤ ለጊዜው ሙዝ ገብቶባቸዋል።

ጥር 2018

ላይኛው በደንብ ያዘ። ከግማሽ ሄክታር የወጣው እሸት ቡና ካልታደሰው ታችኛው ሲሶ ጋር ሲተያይ እጥፍ ማለት ይቻላል፣ ለቃሚዎቹም እዚያ ለመሥራት ነው የሚሻሙት፣ ምክንያቱም የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። በስምምነቱ መሠረት ገንዘቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈለ። ወንድሜ የጉልበቱን አነሳ። የማሳው ድርሻ ባንክ ገባ። ለአራት የተረፈው ብዙም አይደለም፤ እህቴ የእሷን "ለትንሹ ትምህርት ይሁን" ብላ ተወችለት። ትንሹ ደግሞ ግብርና ልማር እያለ ነው፣ ከአፉ ይሁን ከልቡ ገና አልለየሁም።

ቬቲቨሩ ከላይ ባሉት ረድፎች ጀርባ አፈር ይዞ ደረጃ እየሠራ ነው። ጅረቱ አሁንም ይቀላል፣ ከእኛ በላይ ያሉት ማሳዎች ክፍት ናቸውና። ሁለት ጎረቤቶች የሣሩን ቁርጥ ወስደዋል።

ታችኛው ሲሶ ተራው የካቲት 2019 ነው። አባዬ ከአሁኑ አንድ ነገር አሳውቆናል፤ ከቤቱ ፊት ያለው ረድፍ አይነካም። ያን የተከለው ከእማዬ ጋር በተጋቡ ዓመት ነው፣ ምርቱ ደግሞ ከቤት ጀበና አያልፍም። ወንድሜ "ሲሶ ማለት ሲሶ ነው" ብሎ ሊከራከር ሲነሳ እማዬ በዓይኗ አስቀመጠችው። ረድፉ ይቀራል፣ ከስምምነቱ ግርጌ ተጨምሯል። የመጋዙ ጥርስ አልቋል፣ ሐሙስ ገበያ ስወጣ አዲስ እገዛለሁ፤ የድሮውን ለጎረቤታችን ብተውለት ደስ ይለዋል።